«ሲስተም የለም» ሲባል የሚጠየቀው ሰው

ባንክ ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ወረፋ እንይዛለን፣ ተራችን ይደርሳል፣ ቴለሯ ቀና ብላ «ይቅርታ፣ ሲስተም የለም» ትለናለች። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም። ግማሹ ሰው ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል፣ ግማሹ እያጉረመረመ ይወጣል። ሲስተሙ የት እንደሄደ፣ መቼ እንደሚመለስ፣ የማን ጥፋት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከዚያች አጭር መልስ ጀርባ ነው። በአንድ የግል ባንክ አይቲ ክፍል ገመድ ከመዘርጋት ጀምሬ «ቺፍ» የሚል ማዕረግ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ወጣሁ። አሁን አማካሪ ነኝ። (አማካሪነት ድሮ በነጻ ታማው የነበረውን ነገር እየተከፈለህ የምታማበት ሥራ ነው።) እነዚህን ዓመታት ዞር ብዬ ሳያቸው አንድ ነገር ያስገርመኛል። የቴክኖሎጂ ኃላፊው ወንበር ከምድር ቤት ተነስቶ እስከ ላይኛው ፎቅ ወጥቷል። ተጠያቂነቱም አብሮት ወጥቷል። ሥልጣኑ ግን ደረጃው ላይ የሆነ ቦታ ቀርቷል።

እኔ ስቀጠር አይቲ የሚባለው ክፍል በአንዳንዱ ባንክ በፋይናንስ ሥር፣ በሌላው ደግሞ በጠቅላላ አገልግሎት ሥር ነበር። ከጥበቃ፣ ከሾፌርና ከጽዳት ጋር ማለት ነው። ኃላፊያችን ፀጉራቸው የሸበተ፣ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ያስገቡ ሰው ነበሩ። ፎቅ ላይ ግን «ያ የኮምፒውተሩ ልጅ» ነበር የሚባሉት። ሲጠሩም የፕሬዚዳንቱ ፕሪንተር ወረቀት ነክሶ ነው። ሰርቨሩ የተቀመጠው ከመዝገብ ቤት ጎን፣ አንድ ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ ነበር። በበጋ ያን ክፍል የምንወደው ለሰርቨሩ ስንል ብቻ አልነበረም።

ያኔ ደንበኛው ሂሳብ የከፈተበት ቅርንጫፍ እስረኛ ነበር። ፒያሳ የከፈተ ፒያሳ ነው የሚያወጣው። ደብተሩን ይዞ ይሄዳል፣ ፊርማው ከካርዱ ጋር ይመሳከራል። የየቅርንጫፉ መረጃ ቅርንጫፉ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥና ቀኑ ሲያልቅ በዲስክ ተገልብጦ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል። ኋላቀር ነው፣ አልክድም። ነገር ግን የመርካቶው ኮምፒውተር ሲበላሽ የተበላሸው የመርካቶው ብቻ ነው። የሐዋሳው ቅርንጫፍ ወሬውንም አይሰማም። ጥፋቱ ትንሽ ስለነበር ኃላፊነቱም ትንሽ ነበር።

ከዚያ ኮር ባንኪንግ፣ የሁሉም ቅርንጫፍ ሂሳብ አንድ ቦታ የሚያዝበት ሲስተም፣ መጣ። ቲ24፣ ፍሌክስኪዩብና ሌሎችም ከውጭ የተገዙ ግዙፍ ሶፍትዌሮች አንድ ዳታ ሴንተር ውስጥ ገቡና ቅርንጫፎቹ በሙሉ እዚያ ላይ ተንጠለጠሉ። ጎንደር የከፈተ ሰው ጅጅጋ ማውጣት ቻለ። ትልቅ ነገር ነው፤ እናቴ እንኳ «አሁን ገና ባንክ ሆናችሁ» ብላኛለች። በዚያው ቀን ግን «ሲስተም የለም» ጎንደርም ጅጅጋም በአንድ ደቂቃ የሚባል ነገር ሆነ። ለኔ የቴክኖሎጂ ኃላፊው ሥራ የተለወጠው ያን ቀን ነው። ማዕረጉ፣ መኪናውና ቢሮው ዘግይተው ነው የመጡት።

«ቺፍ ኢንፎርሜሽን ኦፊሰር» የሚለው ማዕረግ እንግዲህ የኛ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ መረጃም እንደ ገንዘብ የራሱ ከፍተኛ ኃላፊ ያስፈልገዋል ብለው ከተነሱት ሰዎች አንዱ ዊልያም ሲኖት፣ የቦስተን ባንክ ሰው ነበር። ባንክ መሆኑ አይገርመኝም። ቀኑን በትክክል ካልዘጋ በማግስቱ በሩን መክፈት የማይችል ድርጅት ከባንክ ሌላ ብዙ የለም።

ቀን መዝጋት ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከውጭ የማይታይ ሥራ ነውና። ቅርንጫፎች በራቸውን ከዘጉ በኋላ ሲስተሙ የራሱን ሥራ ይጀምራል። እኛ «ኢኦዲ» ነው የምንለው። ወለድ ያሰላል፣ ቀኑ የደረሰ የብድር ክፍያ ይቆርጣል፣ ሪፖርቶቹን ያወጣል፣ በመጨረሻ የሲስተሙን ቀን ወደ ነገ ያዞራል። ደህና ሌሊት ከሆነ ከሌሊቱ ሰባት፣ ስምንት ሰዓት ላይ ያልቃል። የወር መጨረሻ ይዘገያል። የባንኮች በጀት ዓመት የሚዘጋው ደግሞ እንደ መንግሥት ሰኔ 30 ሳይሆን ሰኔ 23 ነው፣ በፈረንጆቹ ጁን 30። ያን ሌሊት የአይቲ ሰው ቤቱ አይገኝም።

አንድ ሰኔ 23 ሌሊት ሥራው መሐል ላይ ቆመ። የዳታቤዙ ማከማቻ ሞልቷል። እኔ ያኔ ቺፍ ነኝ፣ ሱፍ ለብሻለሁ። ኪቦርዱ ላይ ያለው ልጅ ከተመረቀ ብዙም ያልቆየ፣ ሹራቡን በወንበሩ ላይ የጣለ ልጅ ነው። ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ስንቴ አድርጌዋለሁ። እጄን በላኝ። ከኋላው ቆሜ አንገቴን አሰገግኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከኋላዬ ሲቆሙ እጄ ይተሳሰራል።»

ትክክል ነው። ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የቅርንጫፎች ምክትል ፕሬዚዳንት ነው።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት በር እከፍታለሁ ወይስ አልከፍትም?»

«እስከ አሥራ አንድ ተኩል ታገሠኝ። ያን ጊዜ ካላለቀ በእጅ እንዲሠሩ ታዛቸዋለህ።»

«በእጅ? ወንድሜ፣ ልጆቹ እኮ በእጅ ሠርተው አያውቁም! ሌጀር የሚባል ነገር አይተው አያውቁም!»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። በፊት ሲስተም ሲጠፋ ወደ መዝገብ መመለስ ይቻል ነበር። አሁን መመለሻው ራሱ የለም። መዝገቡም የለም፣ በመዝገብ መሥራት የሚያውቁት ሰዎችም ጡረታ ወጥተዋል። አስተካክለን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለቀልን። የዚያን ሌሊት ሥራዬ ግን ኮሪደሩ ላይ የሆነው ነው፦ ገና ያልተረጋገጠን ነገር ከማይገባው ሰው ጋር በሰዓት መዋዋል። ሰርቨሩን ልጁ አስተካከለው።

ኃላፊው ከሚጠየቅባቸው ነገሮች ግማሹ ደግሞ ከግቢው ውጭ ነው ያለው። መብራት፣ ፋይበር፣ ኢንተርኔት። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲዘጋና ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ፣ ያም የበጀት መዝጊያ ቀን ነበር፣ የሞባይል ባንኪንግ ደንበኞቻችን በአንድ ጊዜ ጠፉ። ለቦርዱ የሚቀርበው የአገልግሎት መቆራረጥ ሪፖርት ላይ «መንስኤ» የሚል ረድፍ አለ። ምን ተብሎ ይሞላል? «ሌላ» የምትለዋን ሳጥን መረጥን።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ መጋቢት 2016ን መዝለል አይቻልም። ከመጋቢት 6 ወደ 7 አጥቢያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛባና ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ወሬው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በስልክ ከአንዱ ወደ አንዱ በረረ፣ ኤቲኤሞች ፊት ሌሊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ነቅቶ እስኪያቆመው ሰዓታት አለፉ። መጀመሪያ የተወራው ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በኋላ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ያላግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ተናገሩ። የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነም ተገለጸ። ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መግለጫ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት ነው። ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ቅርንጫፎች ላይ እስከመለጠፍ ተደረሰ።

ሰዉ የሚያስታውሰው ተማሪዎቹንና ፎቶዎቹን ነው። እኔ ዓይኔ ያረፈው ካሜራ ፊት የቆመው ማን እንደሆነ ላይ ነው። ፕሬዚዳንቱ ናቸው። የአገሪቱ ትልቁ ባንክ መሪ ስለ ሲስተም ማሻሻያና ስለ ፍተሻ ለጋዜጠኛ እያስረዱ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ቢሆን አንድ የአይቲ ዳይሬክተር በጓሮ በር ይሰናበትና ጉዳዩ ይዘጋ ነበር። አሁን ቴክኖሎጂው ራሱ ባንኩ ስለሆነ ፕሬዚዳንቱ «የአይቲ ጉዳይ ነው» ብለው ወደ ታች ሊያወርዱት አይችሉም።

ሰኞ ጠዋት የኛ ቦርድ ሰብሳቢ ደወሉልኝ። ሰላምታም የለም።

«እኛስ ጋ ሊሆን ይችላል?»

«ይችላል፣ ጋሼ።»

ዝም አሉ። የጠበቁት «በፍጹም» የሚል መልስ ነበር። እንደዚያ ብላቸው ደስ ብሏቸው ስልኩን ይዘጉ ነበር፣ እኔም ቡናዬን እጠጣ ነበር። ግን የትኛውም ሲስተም ላይ ለውጥ ሲደረግ አደጋ አለ። ጥያቄው ለውጡን ማን አየው፣ ማን ሞከረው፣ ከተበላሸ በስንት ደቂቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ለሊቱን ማን ነቅቶ ያያል የሚል ነው። ከዚያ ሰኞ በፊት ለውጥ ለማስገባት የሚሞላውን ቅጽ ከአይቲ ውጭ ያነበበ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሰኞ በኋላ የውስጥ ኦዲትም፣ የሪስክ ክፍሉም፣ ሕግ ክፍሉም ሊያነቡት ፈለጉ። ሳምንት ሙሉ ቅጽ ስናስረዳ ከረምን። ያማረረ ነበር፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ቢያንስ ፊርማዬ ምን ማለት እንደሆነ ሰው ገባው።

ፊርማ ካነሳሁ አይቀር የእንግሊዙን ነገር ላውራ፤ በሙያችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ ነው። ቲኤስቢ የሚባል ባንክ አለ። የስፔኑ ሳባዴል ገዛውና እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ወደ 5 ሚሊዮን የሚሆኑ ደንበኞቹን ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲስ አዛወረ። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ውስጥ። ሰኞ ሲነጋ 1.9 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ሂሳባቸውን መክፈት አቃታቸው። ነገሩ ሙሉ በሙሉ እስኪስተካከል ወራት ወሰደ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ፖል ፔስተር በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ለቀቀ። ባንኩ በ2022 መጨረሻ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ።

እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው። አዲሱ ነገር የመጣው በሚያዝያ 2023 ነው። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ የባንኩን የቀድሞ ቺፍ ኢንፎርሜሽን ኦፊሰር፣ ካርሎስ አባርካን፣ በግሉ 81,620 ፓውንድ ቀጣው። ባንኩን አይደለም፣ ሰውየውን፤ ከኪሱ። ጥፋቱ ደግሞ ኮድ ማበላሸት አይደለም። ሥራውን የሚሠራው የሳባዴል እህት ኩባንያ ነበር፣ እሱም ሥራውን ለሌሎች አከፋፍሎ ነበር። አባርካ የተቀጣው እነዚያ ኩባንያዎች በእርግጥ ዝግጁ መሆናቸውን በበቂ ሁኔታ አላረጋገጥክም ተብሎ ነው። ዝግጁ ነን ብለውት ነበር። ዝግጁ ነን ማለታቸው ብቻውን አይበቃም ነበር።

ይሄን ውሳኔ ለአዲስ አበባ የሙያ ጓደኞቼ ሳነብላቸው አንዱ «እኛ አገር ቢሆን ሁላችንም ቤታችንን ሸጠን አንጨርሰውም» አለ። ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። ኮር ባንኪንጋችን ከውጭ የተገዛ ነው። የሚገጥሙት ሰዎች ከውጭ ይመጣሉ፣ ሆቴል ያርፋሉ፣ ወር ተቀምጠው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ሲበላሽ የድጋፍ ጥያቄ እንልካለን፣ መልሱ በሌላ አገር የሥራ ሰዓት ይመጣል። እኛ እሑድ ስንሠራ እነሱ ያርፋሉ። በሰው እጅ ያለ ነገር ላይ «ኃላፊ» ተብለን እየፈረምን ነው።

ቦርድ ስብሰባ ላይ ይሄን ለማስረዳት ስንት ስላይድ ሠራሁ! የገባቸው ግን በስላይድ አይደለም። የበጀት ዓመቱን የላይሰንስ ክፍያ ሳቀርብ አንድ የቦርድ አባል፣ መርካቶ ውስጥ ሱቅ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሠሩ ሰው፣ እጃቸውን አነሱ።

«ይሄን ሶፍትዌር ገዝተነዋል አይደል?»

«አዎ ጋሼ፣ ገዝተነዋል።»

«ታዲያ በየዓመቱ የምንከፍለው የምን ነው?»

«የድጋፍና የማሻሻያ ነው። ካልከፈልን ሲበላሽ አያነሱልንም፣ አዲሱንም ስሪት አይሰጡንም።»

«በዶላር?»

«በዶላር።»

ትንሽ አሰብ አደረጉና ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «ቁልፍ ከፍለን የገባንበት ሱቅ ነው በሉኛ! ቁልፉንም ከፈልን፣ ኪራዩንም እንከፍላለን፣ ቤቱ ግን የሰውዬው ነው። ደግሞ የሰውዬውን ስልክ የሚያውቀው ይሄ ልጅ ብቻ ነው።»

እኔም በሽበቴ «ይሄ ልጅ» ሆንኩ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የቬንደር (የሶፍትዌር ሻጩ) ኮንትራት ጉዳይ ቦርድ ላይ በቁም ነገር መታየት ጀመረ። የውሉን እንግሊዝኛ አንቀጽ በአንቀጽ ማንበብ፣ ከውሉ መውጫ መንገዱ የት ጋ እንደሆነ መፈለግ፣ መረጃችንን ይዘን ብንወጣ በምን መልክ እንደሚሰጡን መጠየቅ። ኮምፒውተር ሳይንስ ስማር ይሄን ያስተማረኝ የለም። አሁን ግን የአንድ ቴክኖሎጂ ኃላፊ ሳምንት ግማሹ በዚህ ነው የሚያልቀው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን የተደረገ ዕለት። በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አንድ ሰርቨር ሳንጨምር፣ አንድ ሰው ሳንቀጥር፣ የአይቲ በጀት በብር ሲታይ ወደ እጥፍ ሄደ። ፋይናንሱ «ቀንሱ» ይላል። ምኑን? ሰዉ ሲቀነስ የሚድነው ብር ነው፤ ያበጠው ዶላሩ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው የሰርቨሮቹን ሰሌዳ ሳይሆን የምንዛሪ ሰሌዳውን ሆነ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልግባ።

ግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ወዲያው ተመዘገበ። ነሐሴ 2015 ኤምፔሳ ተከተለ። የባንክ ቦርዶች ደነገጡ፤ መደንገጣቸው ልክ ነበር። የተደረገው ነገር ግን «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ዓይነት ነው። በየባንኩ ከአይቲ ተለይቶ «ዲጂታል» የሚባል ዘርፍ ተቋቋመ፣ የራሱ ቺፍ ተሾመለት፣ አፕ በጥድፊያ ተገዛ። ሁለቱ ኃላፊዎች በየፊናቸው ለፕሬዚዳንቱ ሪፖርት ያደርጋሉ። ዲጂታሉ አፕ ያወጣል፤ አይቲው አፑ የሚቀዳበትን ጉድጓድ ይጠብቃል። ምረቃው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ኬክ ይቆረጣል፣ ጋዜጠኛ ይጠራል። አይቲው ግብዣው ላይ ኋላ ወንበር ላይ ስልኩን እያየ ይቀመጣል፤ ሰዉ አፑን በአንድ ጊዜ ሲያወርድ ሲስተሙ ይችለው እንደሆነ እያሰላ። ጭብጨባው ለአንዱ፣ የሌሊት ስልኩ ለሌላው።

ጓደኞቼ ውስጥ ይሄን አከፋፈል የሚደግፉ አሉ። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይጠብቃል፣ ጥሩ ሚዛን ነው ይላሉ። እኔ አይታየኝም። የሚሮጠው የሚወድቅበትን ቦታ የሚያየው ሌላ ሰው ከሆነ አይጠነቀቅም። ሁለቱ አንድ አለቃ፣ አንድ ተጠያቂ ሊኖራቸው ይገባል፤ እሱም ኢኦዲ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው።

ይሄ ክፍፍል ደንበኛው ላይ እንዴት እንደሚደርስ በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ገንዘብ ትልካላችሁ። ከሂሳባችሁ ተቆርጧል፣ ለተቀባዩ አልደረሰም። ስንቶቻችሁ ደርሶባችኋል? ከኋላ ያለው መንገድ ይሄ ነው። የላኪው ባንክ አፕ፣ የላኪው ኮር ባንኪንግ፣ መሐል ላይ ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች፣ ከዚያ የተቀባዩ ባንክ፣ በሁሉም መካከል የቴሌኮም መስመር። አንዷ ቦታ ላይ መልስ ከዘገየ ገንዘቡ ይንጠለጠላል። ማንም አልሰረቀውም፣ ጠዋት የባንኮቹ መዝገብ ሲመሳከር ይገኛል። ግን ያ ሰው ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ላይ የሁሉም ወገን የቴክኒክ ሰዎች አንድ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይሰበሰባሉ። «እኛ ጋ ደህና ነው» ይላል አንዱ። «እኛ ጋም ደህና ነው» ይላል ሌላው። ሁሉም ጋ ደህና ነው፤ ገንዘቡ ግን የለም። በዚያ ሰዓት ግሩፑ ውስጥ ገብቶ «ይሄኛው የኛ ነው፣ እኛ እንመልሳለን፣ የማን እንደሆነ ነገ እንጣላለን» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያን ለማለት የገንዘብ ውሳኔ ሥልጣን ይጠይቃል። አብዛኛው የቴክኖሎጂ ኃላፊ የለውም። ቦርድ ስብሰባ ላይ ይቀመጣል፣ የአምስት ሺህ ብር ቅሬታ ግን በራሱ መዝጋት አይችልም።

በዚህ ላይ ፋይዳ መጣ፣ ሂሳብ ከብሔራዊ መታወቂያ ጋር ማስተሳሰር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መጣ። ታኅሣሥ 2017 ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ ጸደቀ። ቦርዱም «ኤአይ ላይ ምን እየሠራን ነው?» ማለት ጀመረ። ሁሉም ወደዚያው ጠረጴዛ ነው የሚመጣው። ስለ ኤአይ ለሚጠይቁኝ የምመልሰው አጭር ነው፦ መጀመሪያ የአንድን ደንበኛ ስም ሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት ፊደል መጻፋችንን እናቁም።

ሰው መያዝ ሌላው ራስ ምታት ነው። ከስንት የዳታቤዝ ሰው አንድ ጎበዝ ይገኛል፣ ሦስት ዓመት ታሠለጥነዋለህ፣ ከዚያ ይሄዳል። ዱባይ፣ ካናዳ፣ ወይ እዚሁ ቦሌ ቁጭ ብሎ ለውጭ ኩባንያ በዶላር ይሠራል። አልፈርድባቸውም። የኛ ምርጡ ልጅ አሁን ቨርጂኒያ ነው። እኛ ጋ እኩለ ሌሊት አልፎ ሲከፋን እሱ ጋ ገና ምሽት ነው፤ ይደወልለታል፣ እየሳቀ ሎጉን (ሲስተሙ ራሱ የሚመዘግበውን የሥራ ዝርዝር) በስልክ አስነብቦን ችግሩን ይነግረናል። (የይለፍ ቃል አልሰጠነውም። ኦዲተሮች እያነበባችሁ ከሆነ አልሰጠነውም።)

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ቺፉ ራሱ ቴክኒክ ማወቅ አለበት ወይ የሚል ነው። የቅርብ ጊዜ ሹመቶችን ስታዩ ቦርዶች ኤምቢኤ ያለው፣ ስላይድ የሚያሳምር፣ «ትራንስፎርሜሽን» የሚል ቃል አፉ ላይ የማይጠፋ ሰው እየወደዱ ነው። ድሮ ደግሞ ከሰርቨር ክፍል በቀር የማያውቅ፣ ቦርድ ፊት የሚርበተበት ሰው ነበር። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቻለሁ። ኪቦርዱን መንካት የለበትም፤ ልጁ እንዳለው እጅ ያስተሳስራል። ግን ቬንደሩ «ዝግጁ ነን» ሲለው ሁለተኛና ሦስተኛ ጥያቄ መጠየቅ መቻል አለበት። የሙከራው ውጤት የት አለ? በስንት ሰው ጭነት ሞከራችሁት? ወደ ኋላ መመለሱንስ ሞክራችሁታል? እነዚህን ጠይቆ መልሱ ውሸት መሆኑን ፊታቸው ላይ ማንበብ የሚችለው አንድ ሌሊት ራሱ ያለቀሰ ሰው ነው።

ከሁሉም በላይ «ዛሬ አይሆንም» ማለት መቻል አለበት። ይሄ የቃል ነገር ይመስላል፣ አይደለም። አዳራሹ ተከራይቷል፣ ጥሪ ወረቀቱ ተበትኗል፣ ፕሬዚዳንቱ ንግግራቸውን አጥንተዋል። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ተነስቶ «ሙከራው አላለቀም፣ ሁለት ሳምንት ይገፋ» ሲል ምን እንደሚደርስበት በመሥሪያ ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ይሉኝታ አለ፣ ፕሬዚዳንቱን ማሳፈር አለ። «ተባባሪ አይደለም» የሚል ስም አለ፣ አንዴ ከተለጠፈ የማይለቅ። ስለዚህ ይፈርማል። ከዚያ ይጸልያል።

በቅርቡ አብራኝ የሠራች አንዲት መሐንዲስ ለሌላ ባንክ በቺፍነት ተጠየቀች። ቦሌ አንድ ካፌ ተገናኝተን ልቀበል ወይ አለችኝ። የምታውቀው ነገር ከኔ ይበልጣል፣ ስለዚህ ስለ ሙያ የምነግራት አልነበረኝም። ደመወዙንና መኪናውን ተዪው፣ እነሱ ራሳቸው ይሰጡሻል አልኳት። ይልቅ ዲጂታሉ ባንቺ ሥር ነው ወይስ ጎንሽ ነው፣ እሱን ጠይቂ። ቬንደር የምትቀይሪበት በጀት አለሽ? ደግሞ አንድ ነገር በጽሑፍ አስገቢ አልኳት።

እዚያው ስልኳ ላይ ጻፈችው። «ያለ ቺፍ ኢንፎርሜሽን ኦፊሰሯ ፊርማ ምንም ዓይነት ለውጥ ወደ ሲስተሙ አይገባም። ፕሬዚዳንቱ ከወሰኑ ግን በጽሑፍ ያዝዛሉ።»

«ሁለተኛዋ ትበልጣለች» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

ከሳምንት በኋላ ደወለች። መኪናው ተፈቅዷል፣ የቤት አበሉ ተፈቅዷል፣ የሕክምናውም እንዲሁ። በጽሑፍ የሚለው አንቀጽ ላይ የሰው ኃይል ክፍሉ «ለማኔጅመንት እናቀርበዋለን» ብሏታል። አሁንም እየቀረበ ነው። በዚህ መሐል ባንኩ ለመስከረም 1 አዲስ አፕ እንደሚያስመርቅ ፌስቡክ ላይ በትልቁ ለጠፈ። አየሽው ወይ ብዬ ደወልኩላት።

«አይቼዋለሁ» አለች። «ማን እንደፈረመበት ነው ያልገባኝ።»